መኪናው ተቀየረ፣ መካኒኩስ? ግልጽ ደብዳቤ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር

ለኢፌዴሪ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ለቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት
ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ አስመጪዎችና ገጣጣሚዎች

ጉዳዩ፦ በሥራ ላይ ያሉ የጋራዥ ባለሙያዎች ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ጥገና በአስቸኳይ እንዲሠለጥኑ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

የሥራ ዕድሜዬን ግማሽ በጋራዥ፣ ግማሹን ደግሞ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በአውቶሞቲቭ አሠልጣኝነት አሳልፌያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪና ወደ አገር እንዲገባ ሲወስን ያሳየውን ፍጥነት፣ አሁን በየጋራዡ ቱታ ለብሰው የሚሠሩትን ባለሙያዎች ለማሠልጠንም ያሳይ። አዲስ ሠልጣኝ ከመመዝገቡ በፊት ለእነሱ ይድረስላቸው፤ ሥልጠናውም ሥራ ቦታቸው ድረስ ይምጣላቸው።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ታውቁታላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አከበደ። ቀጥሎ የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ሲያስቀር፣ ተፈታቶ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ቀረጡን ጭራሹን አነሳ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። መንግሥት ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች ገብተዋል ካለም ቆይቷል።

ውሳኔውን ከልቤ እደግፈዋለሁ። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ የምንገዛ፣ ኤሌክትሪኩን ግን ከሞላ ጎደል ከራሳችን ወንዞች የምናመነጭ ሕዝብ ነን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የዚህን ግድብ ኃይል ጎማ ላይ ማዋል ትክክለኛ ሐሳብ ነው። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ በመጣው ዝምታ ላይ ነው። ስለ ቀረጥ ተነገረ፣ ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ተነገረ፣ ስለ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተነገረ። መኪናው ሲበላሽ ማን እጁን እንደሚዘረጋለት ግን በቂ ወሬ እንኳ አልሰማንም።

ቴክኖሎጂ አንድ ሙያ ውስጥ ሲገባ ሙያውን በአንድ ቀን አያጠፋውም። ከሙያው ውስጥ አንዳንዱን ተግባር ያነሣል፣ አንዳንዱን ይተዋል፣ ያልነበረም ይጨምራል። በጋራዥ ውስጥ የሚነሣውን ልቁጠርላችሁ። ዘይት መቀየር የለም። ካንዴላ የለም፣ የናፍጣ ፖምፓ የለም፣ ቴስታታ ማስነሣትና ጓርኒሲዮን መቀየር የለም፣ ሞተር አውርዶ ሪንግ መቀየር የለም። ፍሪሲዮን የለም፤ ካምቢዮውም ቢሆን ወደ አንድ ቀላል ማርሽ ወርዷል። መርሚታ በያጁ ሥራ የለውም። ሶማሌ ተራ ላይ በእነዚህ ዕቃዎች ንግድ ስንት ቤተሰብ እንደሚተዳደር ለአዲስ አበባ ሰው አልነግርም። ፍሬን እንኳ እድሜው ረዝሟል፤ መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ኃይሉን ወደ ባትሪ ስለሚመልሰው ሸራው ቶሎ አያልቅም።

የሚቀረው ደግሞ ጎማ፣ አሞርዛተር፣ መሪና ላሜራ ነው። ባትሪው ከባድ ስለሆነ፣ መንገዳችንም የምታውቁት ስለሆነ፣ የእግሩ ሥራ እንዲያውም ይጨምራል። ጎሚስታው ሥራ ይበዛለት ይሆናል። የሚጨመረው ሥራ ግን ሌላ ዓለም ነው፦ የባትሪ ምርመራ፣ የባትሪውን ኃይል ሞተሩ ወደሚጠቀምበት ዓይነት የሚቀይረው የኢንቨርተር ጥገና፣ የማቀዝቀዣ መስመር፣ ሶፍትዌር፣ ቤት ድረስ ሄዶ ቻርጀር መግጠም፣ ከመኪና ያረጀ ባትሪን ለሌላ አገልግሎት ማዋል። ይህ ሁሉ እንጀራ ነው፣ ጥሩ እንጀራ። ጥያቄው እነማን ይበሉታል የሚለው ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሞተር በድምፁ ሲለይ የኖረው ሙያተኛ በዚህ አዲስ ሥራ ውስጥ ቦታ ይኖረዋል ወይስ ልጆቹን ይዞ ከሙያው ይወጣል?

ሞተርን በድምፅ መለየት ማለቴን አቅልላችሁ እንዳታዩብኝ። የእኛ አገር መካኒክ ትምህርቱ ጆሮው፣ አፍንጫውና ጣቱ ነው። ካፖርታውን ከፍቶ ያዳምጣል፣ የጭሱን ቀለም ያያል፣ ዘይቱን በጣቶቹ መሃል አሽቶ ብረት እንዳለበት ይለያል። ሰማያዊዋን ላዳ ታክሲ መንገድ ዳር በአንድ ካቻቢቴና በአንድ ሽቦ አስነሥቶ የሚያሰናብት ባለሙያ ነበረን። ያ ዕውቀት የአገር ሀብት ነው። ኤሌክትሪክ ግን ድምፅ የለውም፣ ሽታ የለውም፣ በጣት አይነካም። በጣት የነካው ሰው ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል።

እዚህ ላይ ጠጋ ብዬ ላሳያችሁ፤ ጉዳዩ የሚገባው እዚህ ስለሆነ። አብዛኞቹ እዚህ የገቡት መኪኖች ዋና ባትሪያቸው 400 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ኃይል ይይዛል። የዚህ ኃይል ገመዶች በብርቱካናማ ሽፋን ይለያሉ። በሥነ ሥርዓት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ መኪናውን ያጠፋና ቁልፉን ያርቃል። የአሥራ ሁለት ቮልቱን ባትሪ ይነቅላል። ከዚያ ጓንቱን ያነሣል፤ እስከ 1,000 ቮልት የሚቋቋም የጎማ ጓንት ነው። ከማጥለቁ በፊት ከእጅጌው ጀምሮ ጠቅልሎ አየር ያፍንበትና ወደ ጆሮው ያስጠጋዋል፤ ከመርፌ ቀዳዳ የምታንስ ክፍተት ካለች ትተነፍሳለች። የዋናውን ባትሪ ማቋረጫ ይነቅላል፣ ኪሱ ይከተዋል፣ ሌላ ሰው መልሶ እንዳይሰካው። ከዚያ ይጠብቃል። ባትሪው ቢቋረጥም ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ኃይል ይዘው ይቆያሉ፤ አምራቹ ያዘዘው ደቂቃ እስኪያልፍ እጅ አይገባም። በመጨረሻ ቴስተሩን አስቀድሞ ኃይል ባለው ነገር ላይ ይሞክረዋል፣ መኪናው ላይ ይለካል፣ ዜሮ ካለው በኋላ ቴስተሩን እንደገና ኃይል ባለው ነገር ላይ ይሞክረዋል። ዜሮ ያለው ኃይሉ ጠፍቶ ነው ወይስ ቴስተሩ ተበላሽቶ የሚለውን የሚለየው ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ለማስተማር አራት ዓመት አያስፈልግም። ቀናት ይበቃሉ። በእጅ ማስደረግ ግን ግድ ነው። በስላይድ ያየው ሠልጣኝ ጓንቱን ወደ ጆሮው አያስጠጋም፤ አይቼዋለሁ።

አደጋው የሞተር ሠራተኛው ብቻ አይደለም። ጎሚስታው ክሪኩን እንደለመደው መሃል ወለል ላይ ቢያስገባ የሚያነሣው ባትሪውን ነው፤ ባትሪው ከወለሉ ሥር ተዘርግቷል። ላሜራ ሠራተኛው ብየዳ ሲጀምር፣ ቀለም ቀቢውም መኪናውን ፎርኖ ሲያስገባ ሙቀቱ ባትሪው ከሚችለው እንዳያልፍ ማወቅ አለባቸው። የኤሲ ሠራተኛውን ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። በነዳጅ መኪና የኤሲው ኮምፕረሰር የሚዞረው በቺንጊያ ነው፤ በኤሌክትሪክ መኪና ግን ኮምፕረሰሩ ውስጥ በዚያው በከፍተኛው ቮልት የሚሠራ ሞተር አለ። ስለዚህ ዘይቱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ፣ ፒኦኢ የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት። ሠራተኛው በነዳጅ መኪና እንደለመደው ፒኤጂ የሚባለውን ዘይት ቢሞላበት የመስመሩ መከላከያ ይዳከማል፤ መኪናው የኃይል ማምለጥ አለ ብሎ አልነሣም ሊል ይችላል። ጥፋቱ የአንድ ብልቃጥ ዘይት ነው፤ ኪሳራው ግን ሙሉ ኮምፕረሰር መቀየርና መስመሩን ማጠብ ድረስ ይሄዳል።

አሁን ወደ ምርታማነት ልምጣ፤ ይህ ደብዳቤ ለመካኒኮች አዝኑልን የሚል ብቻ እንዳይመስላችሁ።

አንድ የሜትር ታክሲ ሹፌር ነበር። መኪናውን በብድር ነው የገዛው። አንድ ጠዋት መኪናው በር አልከፍት፣ ስክሪኑም አልበራ አለው። አስጎትቶ የወሰደበት ቦታ ዋናው ባትሪ ሞቷል ተባለ፤ የተጠየቀው ገንዘብ የመኪናውን ዋጋ የሚገዳደር ነበር። ሌላ ቦታ ደግሞ አንነካውም አሉት። መኪናው ቆሞ ሰነበተ፤ የባንኩ ወለድ ግን አልቆመም። በመጨረሻ የቀድሞ ሠልጣኜ ጋ መጣና ልጁ ከሁሉ በፊት የአሥራ ሁለት ቮልቷን ትንሽ ባትሪ ለካ። የሞተችው እሷ ነበረች። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ማንኛውም መኪና በር ለመክፈት፣ ኮምፒውተሩን ለማንቃትና ዋናውን ባትሪ ለማገናኘት ያችን ትንሽ ባትሪ ይፈልጋል። ተቀየረች፣ መኪናው ተነሣ። ሹፌሩ ያጣውን የሥራ ቀን የሚመልስለት ግን የለም።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ አይምሰላችሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ለሀገር ያተርፋል የምንለው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ነው። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ መኪና ሽፋን ለብሶ በረንዳ ላይ ከቆመ፣ ነዳጅ አልበላም ማለት ትርፍ አይሆንም። ለሹፌሩም፣ ለአበዳሪው ባንክም፣ ታክሲ ለሚጠብቀው ሰውም የመኪናው ምርታማነት የሚለካው በወር ውስጥ መንገድ ላይ በዋለባቸው ቀናት ነው። ያንን የሚወስነው ደግሞ መካኒኩ ነው።

በዚህ ጉዳይ የሌሎች አገሮች ታሪክ ይናገራል። አሜሪካ ውስጥ ኤዲሰን የኒውዮርኩን ማመንጫ ሥራ ያስጀመረው በ1882 እ.ኤ.አ. ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል እንኳ ከፋብሪካዎች ማሽን በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞረው ከ5 በመቶ ያነሰ ነበር። የገቡትም ፋብሪካዎች ብዙ አላተረፉም፤ ምክንያቱም ትልቁን የእንፋሎት ሞተር አንሥተው በቦታው ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር አስቀመጡ እንጂ ሌላውን እንዳለ ተዉት። ያው ጣሪያ ላይ የሚዞር ረጅም ዘንግ፣ ያው ከዘንጉ ወደ እያንዳንዱ ማሽን የሚወርድ ቺንጊያ፣ ያው ፎቅ በፎቅ የተደራረበ ሕንፃ። ለውጡ የመጣው እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ትንሽ ሞተር ሲያገኝ፣ ሕንፃው ሲዘረጋ፣ የሥራው ቅደም ተከተል ሲቀየርና ሠራተኛውም በዚያው ልክ ሲለማመድ ነው፤ ያም በ1920ዎቹ መሆኑ ነው። ፖል ዴቪድ የተባሉት የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቅ ይህን በ1990 እ.ኤ.አ. በዝርዝር አሳይተዋል። አርባ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። እኛ አርባ ዓመት የለንም፤ ደግሞም አያስፈልገንም፣ ሌሎች የከፈሉበትን ትምህርት በነፃ ስላገኘነው።

ታዲያ የእኛ ትምህርት ቤት ምን እያደረገ ነው? እኔ የማውቀውን ልናገር። ብዙ የአውቶሞቲቭ ወርክሾፕ ውስጥ ሠልጣኙ የሚፈታውና የሚገጥመው ሞተር ካርቦራቶር ያለው ነው። መንገድ ላይ ያለው የነዳጅ መኪና ራሱ ካርቦራቶር ከተወ ስንት ዘመኑ ነው። አሠልጣኙ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያውቀው እንደ ማንኛውም ሰው በመንገድ ሲያልፍ ነው። ሠልጣኙ ለትብብር ሥልጠና ጋራዥ ሲላክ ደግሞ ጋራዡም ያልነካውን ነገር ሊያሳየው አይችልም፤ ስለዚህ ቡሎን ሲያጥብና ሻይ ሲያመላልስ ጊዜው ያልቅበታል። በመጨረሻ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትኖ ያልፋል። ወረቀቱ አለ፤ ወረቀቱ የሚመሰክርለት ሥራ ግን እየጠፋ ያለ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ተመራቂ ሥራ አጣ፣ አሠሪ ባለሙያ አጣ እየተባለ በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለቱም እውነት ይሆናል።

የሙያ ደረጃውን ማደስ፣ ሥርዓተ ትምህርቱን መከለስ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ደረጃ ወጥቶ፣ አሠልጣኝ ሠልጥኖ፣ መሣሪያ ተገዝቶ፣ አዲስ ሠልጣኝ ገብቶ እስኪወጣ ዓመታት ይሄዳሉ። መኪኖቹ ግን ዛሬ እየተበላሹ ነው፤ ሰዎቹም ዛሬ እየነኳቸው ነው። ከሥራ ላይ ሰዎች እንጀምር የምለው ለዚህ ነው። ደግሞ አንድ የዘነጋነው ነገር አለ፦ ነባሩ መካኒክ ከአዲሱ ልጅ ይልቅ ግማሽ መንገድ ሄዷል። መኪና ያውቃል፣ ደንበኛ ያውቃል፣ ብልሽትን ተራ በተራ ማስወገድ ያውቃል። የጎደለው ስለ ከፍተኛ ቮልት፣ ከመኪናው ኮምፒውተር ብልሽትን ስለሚያነበው ስካነርና ስለ ባትሪ ያለው ክፍል ነው።

ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በጃፓን ድጋፍ ሲጀመር ሠላሳ ድርጅቶች ተመርጠው አሠልጣኞቹ እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ገብተው ከሠራተኛው ጋር ነው የሠሩት። ያንን መንገድ ለጋራዦችም ክፈቱልን። የሚኒስቴሩ አሠልጣኝ ቡድን አንድ የተገዛ መኪና፣ ጓንት፣ ቴስተርና ስካነር ይዞ ጋራዥ ወደሚበዛባቸው ሰፈሮች ይሂድ። ሥልጠናው ማታና እሑድ ይሁን፤ ጋራዥ የሚሠራ ሰው ሳምንት ሙሉ ሥራ ትቶ ኮሌጅ ቢጠራ አይመጣም፣ ቤቱ የሚበላው በዕለት ገቢው ነውና። መምጣት ግድ የሚሆንበት ቀን ካለ የቀን ውሎው ይከፈለው። የንድፈ ሐሳቡ ክፍል በስልክ ሊሰጥ ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሰው በስልኩ መማር እንደሚችል ካሳየን፣ ለመካኒኩም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች አጫጭር የቪዲዮ ትምህርት ማዘጋጀት አይከብድም። የእጁ ክፍል ግን በአካል ይሁን።

ዕውቅናው በደረጃ ይከፋፈል። በጀርመን እንዲህ ነው የሚደረገው። መኪናውን የሚያንቀሳቅስና የሚያጥብ ሰው የሚያስፈልገው ግንዛቤ ብቻ ነው፤ ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ የሚሠራው ሌላ ሥልጠና አለው፤ ኃይል ባለበት ባትሪ ከፍቶ የሚሠራው ደግሞ ከሁሉ የጠበቀ። እኛም ጎሚስታውን፣ ላሜራ ሠራተኛውንና የኤሲ ሠራተኛውን በአንድ ቀን ግንዛቤ ልንታደጋቸው እንችላለን። አሥረኛ ክፍል አልጨረስክም ተብሎ የሚመለስ ነባር ባለሙያ ግን መኖር የለበትም። በልምድ ያገኘውን ብቃት መዝኑለት፣ የጎደለውን ብቻ ሙሉለት።

የጋራዥ ባለቤቶች አንድ ፍርሃት አላቸው፤ የሚሉትንም በደንብ እሰማቸዋለሁ። ገንዘቤን አውጥቼ ሠራተኛዬን ባሠለጥነው ነገ አስመጪው ድርጅት በደመወዝ ይወስድብኛል ይላሉ። ትክክል ናቸው፣ ይወስድባቸዋል። ስለዚህ ሁሉም ሌላው እስኪያሠለጥን ይጠብቃል፤ ማንም አያሠለጥንም። ይህ የሥራ ገበያ ራሱ የማይፈታው ችግር ስለሆነ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት። ከሚገባው እያንዳንዱ መኪና ላይ አነስተኛ ክፍያ ተቆርጦ የሥልጠና ፈንድ ይቋቋም። መኪናው የሚያስገኘውን ትርፍ የሚወስደው አስመጪ መኪናውን የሚጠግነውን ሰው ለማሠልጠን ያዋጣ ማለት ነው። ሠልጣኙ ተነሥቶ ሌላ ጋራዥ ቢገባ እንኳ ገንዘቡ የአገር ሆኖ ይቀራል፤ ዕውቀቱም እዚሁ ነው ያለው።

ክቡራን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣ ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። እዚህ ካሉት መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ስክሪናቸው ቻይንኛ ነው፣ የጥገና መመሪያቸው ቻይንኛ ነው፣ ያም ቢሆን ከእጃችን የለም። ስካነር ገዝተን ስንሰካ ገሚሱን መረጃ አይከፍትልንም። የአውሮፓ ኅብረት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ አምራቾች የጥገና መረጃቸውን ለነፃ ጋራዦችም እንዲሰጡ አስገድዷል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ሕዝብ በ2012 እ.ኤ.አ. በድምፁ ይህንኑ አጽድቋል። የማስገባት ፈቃድ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ፈቃዱ የጥገና መመሪያ፣ የስካነር ፈቃድ፣ መለዋወጫና የተወሰኑ ሰዎች ሥልጠና ማቅረብን ግዴታ ያድርግ። መመሪያው ወደ አማርኛ ቢመለስ ደግሞ እንዴት ያለ ነገር ነበር። መረጃው በአስመጪው እጅ ብቻ ከቀረ ጥገናም በእሱ ዋጋ፣ በእሱ ወረፋ ይሆናል። ወረፋ ሲረዝም ደግሞ ሰው ወደማይችለው እጅ ይሄዳል፤ አደጋውም እዚያ ነው የሚያገኘው።

ስለ ልጃገረዶቹ አንድ ቃል። አውቶሞቲቭ ተምረው የሚመረቁ ሴቶች አሉን፣ ጎበዞች ናቸው፤ ጋራዥ ግን ሞተር አትሸከሚም እየተባሉ ይመለሳሉ። አሁን የሚጨመረው ሥራ መለካት፣ ማንበብና መታገሥ ነው። የሚሠለጥኑት ሲመረጡ በስማቸው ቦታ ይያዝላቸው፤ ልማዱ ከመደንደኑ በፊት።

ረዳቶቹንም አትርሱ። በየጋራዡ በምሳና በጥቂት ብር የሚሠሩ ወጣቶች አሉ፤ የነገ መካኒኮች እነሱ ናቸው። ብርቱካናማውን ገመድ ቀድሞ የሚነካውም ጌታው ሳይሆን ረዳቱ ነው፣ ግባ ተብሎ ሥር የሚገባው እሱ ስለሆነ። አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ያስገድዳል። ጓንት የሌለው ጋራዥ የኤሌክትሪክ መኪና እንዳይቀበል ይከልከል። ጓንት ለመግዛት አቅም ለሌለው ደግሞ መግዣ ይመቻችለት። የተመዘነው ረዳት በደረጃው ልክ ደመወዙ እንዲሻሻልም ከጋራዥ ባለቤቶች ጋር ተስማሙ፤ አለበለዚያ የሠለጠነው ልጅ ወደ ዓረብ አገር የሚሄድበትን መንገድ ይፈልጋል፣ ማንም ሊፈርድበት አይችልም።

የምጠይቀው ይህ ነው፦ ለመጀመሪያ ዙር አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ የሚበዛባቸው ጥቂት ሰፈሮች ይመረጡ። እዚያ ያሉት መካኒኮች፣ ላሜራ ሠራተኞች፣ ጎሚስታዎችና የኤሲ ሠራተኞች ይመዝገቡ። የደኅንነቱ ሥልጠና ለሁሉም፣ የጥገናው ሥልጠና ደግሞ ለተመዘኑት ይሰጥ። ከዚያ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ መቀሌ፣ ጅማ ይቀጥሉ። ሥራው በቁጥር ይታይ፤ ስንት ሰው ሠለጠነ ብቻ ሳይሆን፣ የሠለጠኑት ጋራዦች መኪናን በስንት ቀን መልሰው አስረከቡ ተብሎም ይመዝገብ። የመጀመሪያው ዙር አሠልጣኝ ካጣችሁ፣ እኔም ሆንኩ የማውቃቸው የሙያ ባልደረቦቼ እሑዳችንን ለመስጠት ዝግጁ ነን፤ መኪናውን፣ ጓንቱንና ቴስተሩን እናንተ አቅርቡ። መልሳችሁን በጋዜጣም ሆነ በሚኒስቴሩ ገጽ በይፋ ብትሰጡን፣ ባለሙያው ሁሉ ያነበዋል።

ከከፍተኛ አክብሮት ጋር፣

የአውቶሞቲቭ አሠልጣኝ
አዲስ አበባ